የ«ማነው» እና የ«መቼ» ውህደት

ውብአንቺ በ«ማነው» ኩባንያ ቅሬታ ሰሚ ነበረች። ባሏ ጉተማ ደግሞ በ«መቼ» ኩባንያ ቅሬታ ሰሚ ነበር። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች አዳማ ናቸው። ባልና ሚስቱ ጠዋት ከቤት አብረው ይወጣሉ፤ አደባባዩ ጋ ሲደርሱ እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዚያው አደባባይ ይገናኛሉ። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳራቸው የሥራ ነገር አጣልቷቸው አያውቅም።

የ«ማነው» ሥራ በር ነው። በ2091 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ «ማነው» የማይጠብቀው በር ቢፈለግ የዶሮ ቤት ካልሆነ አይገኝም። ሰው ደጃፍ ሲቆም በሩ ያየዋል፤ ካወቀው ይከፍትለታል፣ ካላወቀው ዝም ይላል። የ«መቼ» ሥራ ደግሞ ሰዓት ነው። ሐኪም ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ቀበሌ፣ ለቅሶ ቤት፣ እናት ቤት፣ ሁሉም ቦታ «መቼ» በሰጠው ሰዓት ይኬዳል። ሰው ሰው ቤት ድንገት ጎራ ማለት ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሲቀር ግን ማንም ልብ አላለውም። መጀመሪያ «ደውለህ ና» ተባለ፤ ቀጥሎ «ሰዓት አስይዘህ ና» ተባለ፤ አሁን ለቅሶ መድረስ ሰባት ደቂቃ ነው፣ ለቅርብ ዘመድ አሥራ ሁለት።

ሕጉ እያንዳንዱ ኩባንያ ማሽን ያልፈታውን ቅሬታ የሚሰማ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑረው ይላል። ኩባንያዎቹ «ቢያንስ አንድ» የሚለውን «አንድ» ብለው አነበቡት። ስለዚህ «ማነው» ውብአንቺን ያዘ፣ «መቼ» ጉተማን ያዘ። ሁለቱ ኩባንያዎች ለመዋሃድ ማመልከታቸው ሲሰማ፣ ሁለት ኩባንያ አንድ ከሆነ ስንት ቅሬታ ሰሚ እንደሚበቃ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አላስፈለገም።

ውህደቱን የሚመረምረው የመንግሥት ቢሮ ምርመራው ሦስት ወር ይፈጃል ብሎ ነበር። በሦስተኛው ወር ሦስት ወር ጨመረ። በስድስተኛው ወር ምን ያህል እንደሚጨምር መናገር ተወ። ይህ ታሪክ ሲሆን አሥራ አራተኛው ወር ገብቶ ነበር።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ የሁለቱ ኩባንያዎች ሠራተኞች ስለ ሥራ እንዳይነጋገሩ ተከልክለዋል። ለብዙው ሠራተኛ ይህ ቀላል ነበር። ለውብአንቺና ለጉተማ ግን ቢሮው ታዛቢ ላከላቸው። ታዛቢዋ የጨው ዕቃ የምታክል ነገር ናት፤ ቦታዋ ገበታው መሃል ነው። የሥራ ወሬ የሚመስል ነገር ስትሰማ ጉሮሮዋን ትጠርግና «ይቅርታ፣ ይህ ጉዳይ በምርመራ ላይ ነው» ትላለች። ድምፅዋ ትሑት ነው። ጉተማ በሁለተኛው ቀን «አማት» የሚል ስም አወጣላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ያልታሰበ ችግር መጣ። ጉተማ ስልክ ሲጠራ አንሥቶ እንደማንኛውም ሰው «ማነው?» አለ። አማት ጉሮሮዋን ጠረገች። ውብአንቺ አሰላ ስላለችው ልጃቸው «ሌንሴ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ጠየቀች። አማት ጉሮሮዋን ጠረገች። ሁለቱ ቃላት የኩባንያ ስም ስለሆኑ በዚያ ቤት መነገራቸው ቀረ። «መች» እያሉ ሞከሩ፤ ሁለት ቀን ብቻ ሠራ። ጉተማ መቼ ለማለት በኦሮምኛ «ዮም» ሲል አማት በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ «የደወለው ሰው ስሙ ምን ይባላል?» እና «በየትኛው ቀን ነው?» እየተባባሉ መኖር ጀመሩ።

«ቤታችን የፍርድ ቤት መዝገብ መሰለ» አለ ጉተማ። ለዚህኛው አማት ጉሮሮዋን አልጠረገችም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሌላ ኑሮ ነበር። የ«ማነው» ሠራተኞች ስለ ምርመራው የሚያውቁት አንዳች ነገር ስላልነበረ ስለሱ ብዙ ያወሩ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ፤ ተፈቀደ ተባለ። ሻይ ክበቡ አሥር አዲስ ወንበር ገዛ፤ በእርግጥ ተፈቅዷል፣ የ«መቼ» ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። በሳምንቱ ወንበሮቹ ተመለሱ፤ ተከለከለ ተባለ። የክበቡ ኃላፊ ወንበሮቹን የመለስኳቸው እግራቸው ስለተንጋደደ ነው ብሎ ቢምል፣ «እሱ ምን ያድርግ፣ እንዲህ በል ተብሎ ነው» አሉት።

ከሁሉም በላይ ግን ወሬ የሚጠበቀው ከውብአንቺ ነበር። ባሏ እዚያ ነው። ባልና ሚስት በአንድ አልጋ እያደሩ ይህን ያህል ወር አልተነጋገሩም ቢባል የሚያምን ሰው ከየት ይገኛል? እሷ «አላውቅም» ስትል የሚያዩት ፊቷን ነው። ፊቷ ምንም ካላለ ምሳ ዕቃዋን ያያሉ። ሦስት ቀን በተከታታይ ሽሮ ይዛ ስትመጣ «ቤታቸው ቁጠባ ገብቷል፤ የሚቀነሰው ጉተማ ነው» ተባለ። በአራተኛው ቀን ጥብስ ይዛ መጣች። የክበቡ ሰው ሁሉ ጥብሱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ «የምትቀነሰው እሷ ናት፤ ባሏ እያባበላት ነው» የሚለው ወሬ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰ።

ውብአንቺ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ አትቆጣም። በልቧ ግን ለጉተማ ታዝንለት ነበር። ጉተማ ጥሩ ሰው ነው፣ ቀስ ይላል፣ ሰው አያስቀይምም። ኩባንያ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው አይወድም። አንዳንድ ቀን ገበታ ላይ ሲቀመጡ እሱ ያያታል፣ እሷ ታየዋለች፣ ሁለቱም አማትን ያያሉ፣ ከዚያ «ጨው አቀብለኝ» ትለዋለች።

ቅሬታ ይዘው ወደ እሷ ከሚመጡት ሰዎች አንዱ አባባ ናታን ነበሩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በስልክ አጫጭር ቪዲዮ እየሠሩ ስም ያተረፉ ሰው እንደነበሩ ራሳቸው ነግረዋታል፤ ሌላ የሚያስታውስ አልተገኘም። ሚስታቸው ከሞቱ አሥር ወር ሆኗል። አባባ ናታን ለሐዘን ጢማቸውን አሳደጉ። ጢሙ ሲያድግ የልጃቸው የዓለምፀሐይ በር አላውቃቸው አለ።

«አባባ፣ በሩ አዲሱን መልክዎን እንዲመዘግብ ሰዓት አስይዘው መምጣት አለብዎ» አለቻቸው ውብአንቺ በመጀመሪያው ቀን። «ሰዓቱ የሚገኘው ‹መቼ› ነው። እዚያ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ጥሩ ሰው ነው ይባላል።»

አባባ ናታን ሄዱ። በሳምንቱ ተመለሱ።

«ምን አሉዎት?»

«ወደ እናንተ ነው የመለሱኝ።»

«አይ፣ ይህ እንኳ የነሱ ጉዳይ ነው።»

እንደገና ሄዱ፤ እንደገና መጡ። አንድ ቀን ውብአንቺ አዝናላቸው «አባባ፣ ጢምዎን ቢላጩትስ?» አለቻቸው።

«የሚስቴ ሙት ዓመት ሳይወጣ?» አሉ።

አፍራ ወደ ሌላ ነገር ዞረች። «ልጅዎ አትደውልልዎም?» ስትላቸው «ትደውላለች። አላነሣም። በር ዘግታብኝ ስልክ ምን ያደርጋል?» አሉ። ውብአንቺ መዝገቡ ላይ «ወደሚመለከተው አካል ተመርቷል፤ ተፈቷል» ብላ ጻፈች። እንዲህ ብሎ መዝጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ያስተማራትም ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን፣ መስከረም ሲገባ፣ ልጇ ሌንሴ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ገፍቶ ነበር። አንድ ጠዋት ውብአንቺ ሊፍት ውስጥ ከሙሉሰው ጋር ተገናኘች። ሙሉሰው የበር ፈታሽ ነው፤ በቀን አራት መቶ ጊዜ ያህል በአንድ በር ገብቶ ይወጣል። ሰው አክባሪ ነው፤ ወሬ ግን አያመልጠውም። ውብአንቺ ያን ጊዜ ልቧ አሰላ ነበር።

«ውቤ፣ ነገሩ መቼ ይለይለታል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስለ ሌንሴ መጠየቁ ደስ አላት። «ጥቅምት አሥር ነው ያሉት።»

«እርግጠኛ ናቸው?»

«አዎ። መንታ ነው።»

ሙሉሰው ትንሽ አሰበ። «ማለት ሁለት?»

«ሁለት። ለየብቻ ናቸው፤ በግልጽ ይታያሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ጉተማ ነው የሰማው። ቀድመው የደወሉት ለሱ ነው።»

ሊፍቱ ቆመ። ሙሉሰው እጇን ጨብጦ አመሰገናትና ወደ ሥራው ሄደ። በዚያ ጠዋት በሩን ሃያ ጊዜ እንኳ አልፈተሸም።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። የ«ማነው» ሠራተኞች የጨመሩት ትንሽ ነው። ምሳ ላይ «ውሳኔው ጥቅምት አሥር ይወጣል፤ ውህደቱ ተከልክሏል፤ ሁለት ሆነው ለየብቻ ይቀራሉ» ተባለ። ምንጩ ጉተማ ነው፤ ለጉተማ የደወሉለት ደግሞ መርማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወሬው «መቼ» ደረሰ። በማግስቱ የ«ማነው» ሥራ አስኪያጅ ለጥቅምት አሥራ አንድ ስብሰባ ጠራ፤ የስብሰባውን አጀንዳ ባዶ ተወው። በሦስተኛው ቀን ለውብአንቺና ለጉተማ ከመርማሪው ቢሮ መጥሪያ መጣ። የምርመራ ምስጢር በማውጣት ተጠርጥራችኋል ይላል። ነገሩ ከተረጋገጠ የሁለቱም ኩባንያ ማመልከቻ ይሰረዛል፤ ባልና ሚስቱም ከሥራ ይሰናበታሉ፤ ዳግም በየትኛውም ኩባንያ ቅሬታ አይሰሙም።

መጥሪያውን ገበታ ላይ አንብበው ተያዩ። ውብአንቺ አፏን ስትከፍት አማት ጉሮሮዋን ጠረገች።

መርማሪዋ ወይዘሮ ኑሪያ ይባላሉ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ንጹሕ መሐረብ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ቢሯቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ በሩ የእንጨት ነው፣ የሚከፈተውም በቁልፍ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባልና ሚስቱን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡና ክሱን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ።

«ጥቅምት አሥር የሚለውን ቀን ከማን ሰማችሁ?»

«ከሐኪም» አለች ውብአንቺ።

«የየትኛው ኩባንያ?»

«የአሰላ ሆስፒታል ሐኪም ነው። ልጃችን ነፍሰ ጡር ናት። መንታ ነው የያዘችው።» ስልኳን አውጥታ የአልትራሳውንዱን ምስል አሳየቻቸው። በሊፍቱ ውስጥ የተባባሉትን ቃል በቃል ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ኑሪያ ምስሉን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። በጣታቸው አንዱን ነክተው «ይሄኛው እግሩን አጥፏል» አሉ። ከዚያ ስልኩን መለሱ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ክሱን በአንድ መሥመር ሰረዙት።

«ሳትሄዱ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ ወይዘሮ ኑሪያ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ሥራ መነጋገር ተፈቅዶላችኋል። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከሁለቱም ኩባንያ ያልተፈታ ቅሬታ የሚል ወረቀት አንድ እንኳ አልደረሰኝም። ሥራችሁ ጥሩ ነው ማለት ነው። ለራሴ ለማወቅ ያህል ነው፤ ውህደቱ ቢፈቀድ ከሁለታችሁ ማን የሚቀር ይመስላችኋል?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም እኩል።

ውብአንቺ ዞር ብላ ባሏን አየችው።

«አንተ?»

«ምነው?»

«እኔ እኮ ስለ አንተ ሳዝን ነው የከረምኩት።»

«እኔስ? ያን ቀን ጥብሱን የጠበስኩት ለምን መሰለሽ?»

«ለኔ አዝነህ ነው?»

«ታዲያ! አንቺ ትቸኩያለሽ፣ ሰው ትቆጫለሽ። ኩባንያ እንዲህ ያለ ሰው አይወድም ብዬ።»

ውብአንቺ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «በወር መቶ አርባ ቅሬታ እፈታለሁ። አንተስ?»

«መቶ ስልሳ።»

«አንተ? ቀስ እያልክ? እንዴት አድርገህ ነው የምትፈታው?»

«ወደሚመለከተው አካል እመራዋለሁ።»

«የሚመለከተው አካል ማነው?»

«አዎ፣ ‹ማነው› ነው።»

እዚህ ክፍል ጉሮሮ የሚጠርግ አልነበረም። ውብአንቺ ቃሉን ደግማ በልቧ ሰማችው። «እኔ ጋ ነው የምትልካቸው?»

«ሌላ ወዴት እልካቸዋለሁ? አንቺስ?»

ጉተማ መልሷን ሳይጠብቅ ቀጠለ። የአሥራ አራት ወር ወሬ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር። «አንዳንዱ ደግሞ ያሳዝናል። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጢማቸው እስከዚህ የደረሰ። በሩ ሳያውቃቸው ሰዓት ልሰጣቸው አልችልም። በሩ ደግሞ ሰዓት ካልያዙ አያውቃቸውም። እዚያ ሂዱ፣ ያለችው ሴት ጎበዝ ናት ትባላለች እያልኩ…»

«አባባ ናታን» አለች ውብአንቺ።

ጉተማ ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

«ስንት ጊዜ ልከሃቸዋል?»

«አሥር ጊዜ ይሆናል። አንቺስ?»

«አሥራ አንድ።»

ወይዘሮ ኑሪያ የሚባባሉትን ሁሉ ሲጽፉ ነበር። አሁን እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ሁለታችሁም እየዘጋችሁ ‹ተፈቷል› ነው ያላችሁት?»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲህ የእኚህ ሰው ጉዳይ ሃያ አንድ ጊዜ ተፈቷል» አሉ፤ አፍንጫቸውንም ጠረጉ።

ወደ ቤት የተመለሱት በእግራቸው ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል። ከቢሮው ደጅ ጀምሮ እንደገና ስለ ሥራ መነጋገር ክልክል ነው። ስለ አባባ ናታን አንዲት ቃል ቢለዋወጡ፣ ሰዓቱን ከበሩ ጋር ለማገናኘት ቢሞክሩ፣ አሁን በእውነት ሕግ መጣስ ነበር። ቤት ገብተው በሉ። ጉተማ ገበታው ላይ በጣቱ አንድ ነገር ሊጽፍ ጀመረና ተወው፤ አማት ማንበብም እንደምትችል አላወቀም፣ እንደማትችልም አላወቀም።

በሳምንቱ አባባ ናታን ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ መጡ። ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡና «ዛሬስ ወዴት ነኝ?» አሉ።

ውብአንቺ ወደ «መቼ» ልትመራቸው አልቻለችም። ለምን እንደማትመራቸው ልትነግራቸውም አልተፈቀደላትም። «አባባ፣ እስከ ጥቅምት አሥር ይታገሱኝ» አለቻቸው።

«ጥቅምት አሥር ምን አለ?»

«ውሳኔው ይወጣል።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ይላል» አለች ውብአንቺ። እውነቷን ነበር። ያን ጊዜ እሷም አምናበት ነበር።

መንቶቹ መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ተወለዱ፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አሥራ ሁለት ቀን ቀድመው። በሻይ ክበቡ ስለነሱ የጠየቀ አልነበረም። የመርማሪው ቢሮ ውሳኔ ግን በጥቅምት አሥር ወጣ። በኋላ እንደተሰማው ወይዘሮ ኑሪያ ለኅዳር አስበው ነበር፤ አለቆቻቸው ግን የጥቅምት አሥርን ቀን ከሦስት የተለያየ ቦታ ስለሰሙ፣ ቀኑን የቆረጠው ከላይ ያለ ሰው መስሏቸው አጣድፈው አስጨረሱ።

ውህደቱ ተፈቀደ። ውሳኔው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ላይ አንድ ግዴታ አለ፤ አዲሱ ኩባንያ ሁለት ቅሬታ ሰሚዎች ይኖሩታል፣ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አንዱ ቅሬታ አቅራቢን ወደ ሌላው አይመራም፣ ማንኛውም ቅሬታ ተፈቷል የሚባለው ቅሬታ ያቀረበው ሰው ራሱ «ተፈቷል» ሲል ብቻ ነው። በክበቡ «ይፈቀዳል» ሲሉ የነበሩት ረታን አሉ። ሙሉሰው ደግሞ «ሁለት፣ ለየብቻ፣ ፊት ለፊት። አላልኳችሁም?» እያለ ሰነበተ።

ለውብአንቺና ለጉተማ የተሰጣቸው ክፍል ቀድሞ የመወልወያ ማስቀመጫ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ ጉልበታቸው ይነካካል። በመጀመሪያው ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አባባ ናታን ገቡ። ሦስተኛ ወንበር ተፈልጎ መጣላቸው፤ የተቀመጡትም በሁለቱ መካከል ነበር። ውብአንቺ በልማዷ ወደ ጉተማ አየች። ጉተማ በልማዱ ወደ ውብአንቺ አየ። አባባ ናታን አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ።

«እሺ፣ አሁን ወዴት ልትልኩኝ ነው?»

«የትም» አለ ጉተማ። «የልጅዎ ቤት ሩቅ ነው?»

«ከገበያው ጀርባ።»

ሦስቱም ተነሥተው በእግራቸው ሄዱ። በሥራ ሰዓት ቅሬታ ሰሚ ከክፍሉ ወጥቶ ስለማያውቅ ዘበኛው የሆነ ነገር የተቃጠለ መስሎት ተከተላቸው፤ ምንም እንዳልተቃጠለ ሲያይ ተመለሰ።

የዓለምፀሐይ በር አረንጓዴ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ እጀታ የለውም። አባባ ናታን ፊቱ ቆሙ። በሩ አያቸው፣ ዝም አለ። ውብአንቺ የመመዝገቢያ መሣሪያዋን አውጥታ አዲሱን መልካቸውን ልትመዘግብ ሞከረች፤ የተያዘ ሰዓት አምጪ ተባለች። ጉተማ ሰዓት ልያዝላቸው ብሎ ሞከረ፤ መልኩ የታወቀ ጎብኚ አምጣ ተባለ፤ ካልሆነ ግን በልዩ አስተያየት ለጥር ሃያ ሁለት ሊታይ ይችላል። ድሮ ሁለት ድምፅ የነበረው አሁን አንድ ድምፅ ነው፤ መልሱ ግን ያው ነው።

«መጀመሪያ አንቺ መዝግቢያቸው አልኩሽ» አለ ጉተማ።

«መጀመሪያ አንተ ሰዓት ስጣቸው እንጂ።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምሰጣቸው?»

«በወር መቶ ስልሳ ስትፈታ እንደነበረው።»

አባባ ናታን ደክሟቸው የደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የባልና ሚስቱ ድምፅ ከፍ እያለ ሄደ። ጎረቤት በመስኮት አየ። ከቤቱ ውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማና በሩ በእጅ ተከፈተ። እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ብቅ አለች።

«ምንድነው ደጄ ላይ…» አለችና ደረጃው ላይ የተቀመጡትን ሰው አየች። «አባዬ?»

አባባ ናታን ቀና አላሉም። «በሩ አይከፍትልኝም» አሉ።

«ከውስጥ እኮ በእጅ ይከፈታል። ለምን አላንኳኳህም?»

ውብአንቺና ጉተማ በሩን አዩት። ማንኳኳት ለሁለቱም አልመጣላቸውም ነበር። መጨረሻ ያንኳኩበትን ቀንም ሊያስታውሱት አልቻሉም።

«በሩ ዝም ሲለኝ» አሉ አባባ ናታን፣ «ዝም ያልሽኝ አንቺ መስለሽኝ ነው።»

ዓለምፀሐይ ፎጣው ከራሷ ወደቀ፤ አላነሣችውም። «እኔ ደግሞ ስደውል ሳታነሣ፣ እማዬ ከሞተች በኋላ እኔን ማየት የጠላህ መስሎኝ። ይህን ሁሉ ወር።» ከአባቷ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጇን አንሥታ ጢማቸውን ነካች፤ «ሸበተ» አለች።

በሩ ከኋላቸው ሊዘጋ ሲል «የጉብኝት ሰዓት አልተያዘም» አለ። ዓለምፀሐይ ሳትዞር አንድ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በሩ ሥር ሸጎጠችው።

አባቷን ደግፋ ካስነሣች በኋላ እንግዶቹን አየች። ጉተማ «ሥራ ላይ ነን» አለ፤ ሌላ የሚለው ስላልመጣለት ነው። «ግቡ እንጂ፣ ደጅ ቆማችሁ አትቀሩም» አለቻቸው። ውብአንቺና ጉተማ ሰዓት ሳይዙ የሰው ቤት ከገቡ አሥራ አምስት ዓመት ያልፋቸዋል። ጫማቸውን እየጠረጉ ገቡ። ምሳ ቀረበ፤ በሉ። ስንት ደቂቃ እንደተፈቀደላቸው የነገራቸው ስላልነበረ የሚነሡበትን ጊዜ አላወቁም። አንዱ ሌላውን እያየ «እሱ ሲነሣ እነሣለሁ»፣ «እሷ ስትነሣ እነሣለሁ» እያሉ ፀሐይ አዘቀዘቀች። አባባ ናታን በዚያ መካከል በወጣትነታቸው የሠሯቸውን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ተረኩላቸው፤ ጥቂቶቹ በእርግጥ ያስቁ ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ውብአንቺ መዝገቧን አወጣች። ሕጉ ሕግ ነው። «እንግዲህ አባባ፣ ቅሬታዎ ተፈቷል ብዬ ልጻፍ?»

አባባ ናታን ልጃቸውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ጥቂት አሰቡ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ነገም መጥቼ ልየው።»